ለአጸደ ሕፃናት የሚገዛ ባለ ሥዕል መጽሐፍ በምን ይመረጣል?

ክረምቱ ሊወጣ ሲቃረብ በየአጥቢያው የሚገኙ ሰበካ ጉባኤያት ለአጸደ ሕፃናቶቻቸው የሚገዛውን ዕቃ ዝርዝር ያዘጋጃሉ። ዝርዝሩ ከአጥቢያ አጥቢያ እምብዛም አይለያይም፤ ጠመኔ፣ የፊደል ገበታ፣ የቁጥር ሰሌዳ፣ ምንጣፍ፣ ኳስ፣ የእንግሊዝኛ ፊደል መለማመጃ። በመጨረሻው ረድፍ ላይ «የተረት መጻሕፍት» ተብሎ ይጻፋል፤ ገንዘቡ ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዘውም ያው ረድፍ ነው። ሳይሰረዝ የቀረ እንደ ሆነ ደግሞ ምርጫው በዕለቱ ወደ ከተማ ለሚሄድ ሰው ይተዋል፤ እርሱም ሽፋኑ ያማረውንና ዋጋው የቀለለውን አንሥቶ ይመለሳል። ለአንድ ኩንታል ሲሚንቶ ግዥ ሦስት ዋጋ ማቅረቢያ የሚጠይቅ ኮሚቴ የሕፃናትን መጽሐፍ ሳይገልጠው መግዛቱ ሁልጊዜ ያስገርመናል። ስለዚህ ከ3 እስከ 6 ዓመት ዕድሜ ላላቸው ሕፃናት የሚነበብ ባለ ሥዕል መጽሐፍ በምን እንደሚመረጥ በዚህ እትም ልናብራራ ወደድን።

አስቀድሞ ግን አባቶች ደጋግመው የሚያነሡልንን ጥያቄ እንመልከት። «ሕፃኑ ፊደል ገና አልለየም፤ ፊደል ላልለየ ልጅ መጽሐፍ ምን ይረባዋል? ፊደሉን ይቁጠርና ከዚያ በኋላ ያንብብ» ይላሉ። ፊደል ማስቆጠር የቤተ ክርስቲያናችን የቆየ ሙያ ስለ ሆነ ጥያቄው ከልምድ የመነጨ ነው። ይሁን እንጂ ፊደል ለይቶ መጥራትና ያነበቡትን መረዳት ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። በ2002 ዓ.ም. በሀገራችን በስድስት ቋንቋዎች የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና እንዳሳየው፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል ከቀረበላቸው አጭር ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ብቻውን ይህን ሁሉ ይፈውሳል አንልም። ነገር ግን ወደ አንደኛ ክፍል የሚገባው ልጅ መጽሐፍ ከየት ወደ የት እንደሚገለጥ፣ ነገር መጀመሪያና መጨረሻ እንዳለው፣ የመጽሐፍ ቋንቋ ከጓሮ ጨዋታ ቋንቋ በጥቂቱ እንደሚለይ አስቀድሞ ካላወቀ፣ ፊደሉን በሚማርበት ወቅት እነዚህን ሁሉ አብሮ ሊማር ይገደዳል። ሸክሙ በዚያን ጊዜ ይከብድበታል።

ሁለተኛው ምክንያት የቃል ሀብት ነው። አንድ ሕፃን በቤቱ የሚሰማው ንግግር በአብዛኛው «ና»፣ «ተው»፣ «ብላ»፣ «አምጣ» የሚል የዕለት ተግባር ንግግር ነው። በመጽሐፍ ውስጥ ግን ገደል አለ፣ ሸለቆ አለ፣ የሚያመነታ ሰው አለ፣ የሚቆጭ ሰው አለ። ሕፃኑ «አመነታ» የሚለውን ቃል ወንዙን ለመሻገር አንድ እግሩን አንሥቶ በቆመ ልጅ ሥዕል ላይ ካገኘው፣ ትርጉሙን የሚያስረዳው ሌላ ሰው አያስፈልገውም።

በ1988 እ.ኤ.አ. ግሮቨር ኋይትኸርስት የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ጥናት በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ሁለት ወገን ወላጆች ለሕፃናቶቻቸው ባለ ሥዕል መጽሐፍ ለአንድ ወር ያህል አነበቡ። አንደኛው ወገን እንደ ልማዱ ዝም ብሎ ያነብ ነበር። ሁለተኛው ወገን ግን እንዲጠይቅ፣ የልጁን መልስ አስፍቶ እንዲመልስለት፣ ልጁም ተራኪ እንዲሆን ተመክሮ ነበር። በወሩ መጨረሻ የሁለተኛው ወገን ልጆች በንግግር ችሎታ ቀድመው ተገኙ። መጽሐፍ ለሁለቱም ወገን ተነቧል፤ ልዩነቱን ያመጣው በመጽሐፉ ላይ የተደረገው ጭውውት ነው።

ይህ አዲስ ነገር ሊመስል ይችላል እንጂ ለእኛ አዲስ አይደለም። አያት «ተረት ተረት» ስትል ልጆች «የላም በረት» ብለው ካልመለሱ ተረቱ አይጀመርም። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከአርባ ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ያወሩት አባባ ተስፋዬም ልጆችን በዙሪያቸው አስቀምጠው እያነጋገሩ ነበር የሚተርኩት። እንግዲህ የመጽሐፍ ምርጫችን ዋና መለኪያ ከዚህ ይወጣል፤ ጥሩ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ማለት ሕፃኑን የሚያናግር ነው። የሚከተሉት ነጥቦች ሁሉ ከዚህ መለኪያ የሚቀዱ ናቸው።

ሥዕሉ ብቻውን ይናገራልን?

በሥዕል ማስተማርን ከእኛ ይልቅ ሊያውቅ የሚገባ ያለ አይመስለንም። በየአብያተ ክርስቲያናቱ ግድግዳ ላይ የተሣሉት ሥዕላት ማንበብ ለማይችለው ምእመን መጽሐፍ ሆነው ለብዙ መቶ ዓመታት አገልግለዋል። ሥዕሉን የሠሩት አባቶች ተመልካቹ እንዳይሳሳት የሚያደርግ ሥርዓት ነበራቸው፤ ቅዱሳኑን ሁለት ዓይናቸው እንዲታይ ፊት ለፊት ሲሥሏቸው፣ ክፉዎችን ግን በአንድ ዓይን ጎን ለጎን ይሥሏቸዋል። አንዲት ፊደል ያልቆጠረች እናት ልጇን አዝላ በሥዕሉ ፊት ስትቆም የትኛው ወገን የማን እንደ ሆነ በዚህ ትለያለች። በቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ላይ ፈረሱ፣ ጦሩ፣ ደራጎኑ ይታያል፤ በዛፉ ላይ ደግሞ ብሩታዊት አለች። ሕፃን መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ፈረሱ አይደለም፤ «እሷ ለምን ዛፍ ላይ ወጣች?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። በዚያች ጥያቄ ታሪኩ በሙሉ ይተረካል።

ለአጸደ ሕፃናት የምንገዛውንም መጽሐፍ በዚሁ ዓይን እንመዝን። በመደብሩ ውስጥ ቆማችሁ ጽሑፉን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ሥዕሉን ብቻ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ተመልከቱ። ማን ምን እንደ ፈለገ፣ ምን እንደ ገጠመውና እንዴት እንደ ሆነ ከሥዕሉ ብቻ መናገር ከቻላችሁ መጽሐፉ ለሥራችሁ ይስማማል። ካልቻላችሁ ሥዕሉ ጌጥ ነው። ስለ ንብ በሚናገር ገጽ ላይ አበባ ብቻ የተሣለበት፣ ልጁ አለቀሰ የሚል ጽሑፍ ሥር የሚስቅ ልጅ የተቀመጠበት መጽሐፍ በገበያው ላይ ጥቂት አይደለም። ሕፃናት ይህን ዓይነቱን ስሕተት ከአዋቂ ፈጥነው ያያሉ።

ከዚያ ቀጥሎ በሥዕሉ ውስጥ ጽሑፉ ያልተናገረው ነገር እንዳለ ፈልጉ። ጽሑፉ «ማሞ ውኃ ሊቀዳ ሄደ» ሲል፣ በሥዕሉ ጥግ ድመቷ እየተከተለችው ከሆነ፣ ሕፃኑ ለአንባቢው የሚነግረው የራሱ ግኝት ይኖረዋል። መናገር የሚጀምረውም ያኔ ነው።

የሀገራችን ገጽታ የሌለበት መጽሐፍ መገዛት የለበትም የሚል ሐሳብ አልፎ አልፎ እንሰማለን። ሐሳቡን በግማሹ እንቀበለዋለን። ሕፃን መሶቡን፣ ጀበናውን፣ አህያውን፣ የእናቱን ነጠላ በመጽሐፍ ውስጥ ሲያይ መጽሐፍ የእርሱም መሆኑን ይረዳል፤ ከሚገዙት አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ይሁኑ። ይሁን እንጂ የደጋ ልጅ ባሕርና መርከብ፣ የቆላ ልጅ በረዶ በሥዕል ቢያይ አይጎዳም፤ ያላዩትን ማሳየት የመጽሐፍ አንዱ ጥቅም ነውና። የሚጎዳው መደርደሪያው በሙሉ እንጆሪና የበረዶ ሰው ብቻ የሆነ እንደ ሆነ ነው።

ቋንቋው በጆሮ ይፈተን

መጽሐፉ ለጆሮ ነው የሚገዛው፤ ስለዚህ በዓይን ብቻ አይመረጥ። ሁለት ገጽ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ከሌላ ቋንቋ ተተርጉመው የሚመጡ መጻሕፍት ብዙዎቹ እዚህ ላይ ይወድቃሉ። «‹ና!› አለ ዝሆኑ» የሚል አማርኛ በሀገራችን ተራኪ አፍ የለም፤ «ዝሆኑም ‹ና!› አለው» እንላለን እንጂ። የሰፈሩን ሽማግሌ «አንተ» ብሎ የሚጠራ ሕፃን በተተረጎመ መጽሐፍ ውስጥ ሲመጣ አንባቢው ይሰናከላል፤ ሕፃናቱም ይስቃሉ። በሌላ አካባቢ የምትገኙ አጥቢያዎች ደግሞ ሕፃናቱ በቤታቸው የሚናገሩት ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ወይም ትግርኛ ወይም ሌላ ከሆነ በዚያው ቋንቋ የተጻፈውን አስቀድሙ። ጭውውቱን የምንፈልገው ልጁ አፉን በፈታበት ቋንቋ ነው።

በአማርኛችን ልናስተውለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ግሳችን ወንድና ሴት ይለያል። «እጅህን ታጠብ፤ ጥርስህን ፋቅ» እያለ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ መጽሐፍ በክፍሉ ካሉት ሕፃናት ግማሾቹን አያናግርም። አንባቢው እየቀየረ ሊያነብ ይችላል፤ ነገር ግን «አልማዝ እጇን ታጠበች» ብሎ በሦስተኛ መደብ የሚተርክ ወይም «ልጆች፣ ታጠቡ» የሚል መጽሐፍ ካለ እርሱ ይሻላል። በዚሁ አጋጣሚ በመጽሐፉ ውስጥ ሴት ልጅ ከመጥረግና ከመቅዳት ሌላ የምትሠራው ነገር እንዳለም ተመልከቱ።

መጥበቅና መላላት በጽሑፋችን ምልክት የላቸውም። «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ መኖርን ይገልጻል። «ገና»ም እንዲሁ በአነባበቡ በዓሉን ወይም ጊዜው አለመድረሱን ያመለክታል። አዋቂ ለራሱ ሲያነብ ወደ ኋላ ተመልሶ ያስተካክላል፤ ሃያ ዓይን እያየው ጮክ ብሎ የሚያነብ መምህር ግን ይደናገጣል። ስለዚህ መጽሐፉ የተወሳሰበ ዓረፍተ ነገር የማይበዛበት ይሁን፤ አንባቢውም ዋዜማውን አንብቦት ይደር።

ስለ ጽሑፉ ብዛት አጭር መልስ አለን። ለሦስት ዓመት ልጅ በአንድ ገጽ አንድ ወይም ሁለት መስመር፣ ለአምስትና ለስድስት ዓመት ልጅ እስከ አራትና አምስት መስመር ይበቃል። ፊደሉ ጉልህ ይሁን፤ በደቃቅ ፊደል ሲታተም የ«ሱ» እና የ«ሲ» ቅጥያ አይለይም፤ በሥዕሉ ላይ የታተመ ፊደልም ከቀለሙ ጋር ይቀላቀላል።

አሁን ብዙ ክርክር ወደሚነሣበት ነጥብ እንመጣለን። ኮሚቴዎች መጽሐፍ ሲመርጡ መጀመሪያ የሚያዩት የመጨረሻውን ገጽ ነው፤ «ከዚህ ታሪክ ምን ተማራችሁ?» የሚል ምክር ካለበት ይገዛል፤ ከሌለበት «ትምህርት የለውም» ተብሎ ይመለሳል። እኛ በዚህ አንስማማም። ስግብግብ ጅብ ሁለት መንገድ ላይ ቆሞ ሁለቱንም ሲያጣ ያየ ሕፃን ነገሩን ገብቶታል። በመጨረሻ ገጽ ላይ የሚመጣው ተግሣጽ ጭውውቱን ይዘጋዋል፤ ሕፃኑም ሊል ያሰበውን ትቶ ከአንባቢው የሚጠበቅበትን መልስ ብቻ ይላል። ምክሩን ከፈለጋችሁ በቃል ጨምሩት፤ የልጁን መልስ ከሰማችሁ በኋላ ግን ይሁን።

የቆዩ ተረቶቻችንን ለሕፃናት ስናቀርብ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ዐይነ ስውሩ ወይም ጎባጣው መሣቂያ የሚሆንባቸው፣ ሚስት ተደብድባ «ልብ የምትገዛባቸው»፣ ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ ቡዳ ተብሎ የሚጠራባቸው ተረቶች አሉ። በክፍሉ ውስጥ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ተቀምጣ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ሥዕሉ ምንም ያህል ቢያምር እንዳትገዙት አጥብቀን እንመክራለን። ጅቡና አውሬው ግን አያስፈራን፤ ከአዋቂ ጉያ ተቀምጦ ትንሽ መፍራት ሕፃናት የሚወዱት ነገር ነው። ሌሊት የሚያባንን እስኪሆን ድረስ አይሁን እንጂ።

ከካህናት የሚቀርብልን አንድ ተገቢ ሥጋትም አለ። የቅዱሳን ሥዕል ያለበት መጽሐፍ በሕፃናት እጅ ሲቀደድ፣ ሲረገጥ፣ ምራቅ ሲነካው ማየት ያሳዝናቸዋል። መፍትሔው መጻሕፍቱን በሁለት መለየት ነው ብለን እናምናለን። ቅዱሳት ሥዕላት ያሉባቸውን መምህሩ በእጁ ይዞ ያሳያቸዋል፤ በክብር በሚገባ ቦታም ይቀመጣሉ። ሕፃናቱ በገዛ እጃቸው የሚገልጧቸው ግን ስለ ዶሮዋ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጠፋችው ጫማ የሚናገሩት ናቸው። ይህ ልዩነት ካልተደረገ ሥጋቱ ሁሉንም መጻሕፍት ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቆልፋል።

የተቆለፈው ቁም ሳጥን

በጎበኘናቸው አጸደ ሕፃናት ብዙ ጊዜ ያየነው ይህንኑ ነው። መጻሕፍቱ አሉ፤ በሞዴል 19 ገቢ ሆነዋል፤ ቁልፉ ግን በንብረት ክፍል ኃላፊው እጅ ነው። መምህርቷ ፈርማ ከወሰደች የተቀደደውን ከደመወዟ ልትከፍል ትችላለችና መውሰዱን ትተወዋለች። ማንም ክፉ አልሠራም፤ የንብረት ሥርዓቱ እንደ ደንቡ ተፈጽሟል። መጻሕፍቱ ግን ከሦስት ዓመት በኋላም አዲስ ናቸው።

ሰበካ ጉባኤው ይህን በአንድ ቃለ ጉባኤ ሊፈታው ይችላል። የሕፃናት መጻሕፍት እንደ ወንበርና ጠረጴዛ ቋሚ ዕቃ ሆነው እንዳይመዘገቡ፣ እንደ ጠመኔና ወረቀት በአላቂ ዕቃ እንዲያዙ ይወስን። በአገልግሎት ያረጀ መጽሐፍ በዓመቱ መጨረሻ ተቆጥሮ ይወገድ፤ መምህርቷም አትጠየቅ። ቁጥጥሩ የተቀደዱትን ብቻ ሳይሆን ምንም ሳይነኩ የቀሩትንም እንዲጠይቅ ብናደርግ ደግሞ እጅግ መልካም ነበር።

መቀደዱን ለመቀነስ በግዥ ጊዜ ጀርባውን ተመልከቱ። በክር የተሰፋ ረጅም ጊዜ ያገለግላል፤ በሽቦ የተያዘው ሽቦው ሲወጣ የልጅ ጣት ይወጋል፤ በሙጫ ብቻ የተለጠፈው በጥቂት ሳምንት ይበተናል። ብዛቱን በሚመለከት፣ ሃያ መጽሐፍ የሚገዛ ገንዘብ ያለው አጥቢያ ሃያ ዓይነት ከሚገዛ ዐሥር ዓይነት ሁለት ሁለት ቅጂ ቢገዛ እንመርጣለን። ሕፃናት አንዱኑ መጽሐፍ ዐሥር ጊዜ እንዲነበብላቸው ይፈልጋሉ፤ በዐሥረኛው ጊዜ ነው ራሳቸው መተረክ የሚጀምሩት። አንደኛው ቅጂ በክፍል ይቀር፤ ሁለተኛው ዓርብ ዓርብ በተራ ወደ ቤት ይሂድ።

«እናቱ ማንበብ አትችልም» የሚለው ተቃውሞ እዚህ ላይ ይነሣል። ሥዕሉ ብቻውን የሚናገር መጽሐፍ መርጡ ያልንበት ትልቁ ምክንያት እርሷ ናት። ፊደል ያልቆጠረች እናት ሥዕሉን እያየች የራሷን ቃል ትጨምርበታለች፤ ልጇም በክፍል የሰማውን ይነግራታል። በመንደሩ ፊት «ያልተማረች» የምትባለው ሴት በዚያች ማታ ለልጇ መጽሐፍ ገልጣ ታነባለች። ካህናት በንስሐ ልጆቻቸው ቤት ሲገኙ ይህን ቢያበረታቱ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም በቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዛፍ ጥላ ሥር ስምንት ስምንት ሕፃናትን በግማሽ ክብ አስቀምጠው ቢያነቡ ወጪ የለውም። አርባ ልጅ በአንድ ላይ ማስቀመጥ ግን አይሆንም፤ ከኋላ ያለው ሥዕሉን አያይም።

ለሕፃናት መጽሐፍ ማድረስ ሕንፃ እንደማይጠብቅ አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ አሳይተውናል። በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከከፈቱት አንዱ ናቸው፤ በኋላም በሐዋሳ በአህያ በሚጎተት ጋሪ መጻሕፍት ወደ ልጆች ይሄድ ነበር። መግዣ ያጣ አጥቢያም አማራጭ አለው። «አፍሪካን ስቶሪቡክ» እና «ስቶሪዊቨር» የተባሉት የበይነ መረብ ማኅደሮች በአማርኛና በሌሎች የሀገራችን ቋንቋዎች የተዘጋጁ ባለ ሥዕል መጻሕፍት በነጻ አውርዶ ማተም ይፈቅዳሉ። የትርጉሙ ጥራት ከመጽሐፍ መጽሐፍ ስለሚለያይ ከላይ በጠቀስነው የጆሮ ፈተና ማሳለፍ ያስፈልጋል።

ከዚህም ሌላ በብዙ አጥቢያዎች ድጉሰት የሚያውቅ ደብተራ ወይም ሥዕል የሚሞክር የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ይገኛል። ስምንት ገጽ ወፍራም ወረቀት፣ የብስኩት ካርቶን ለሽፋን፣ የጆንያ መስፊያ መርፌና ጠንካራ ክር ይበቃል። ታሪኩን ከሕፃናቱ ከራሳቸው ውሰዱ፤ «የአቡሽ ዶሮ የት ጠፋች?» የሚል ሊሆን ይችላል። በእያንዳንዱ ገጽ አንድ ሥዕል፣ ከሥሩ አንድ መስመር በጉልህ እጅ ጽሑፍ። መጽሐፉን በመሐል እጠፉት፤ በእጥፋቱ ላይ በአምስት ቀዳዳ ስፉት፤ ክሩንም ከውጭ በኩል ቋጥሩት፤ ከውስጥ ከተቋጠረ ሕፃናቱ ይፈቱታልና።